ጀርመኖች ሞባይልን «ሄንዲ» የሚሉት ከየት አምጥተውት ነው?

የመርካቶው ጠጋኝ (ጅማ) ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ሞባይል የምጠግንበት አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ጫካ ቡና ለማጥናት የመጣች አንዲት ጀርመናዊት ስልኳ ቻርጅ አልቀበል ብሏት ወደ ሱቄ ገባች። የቻርጅ መግቢያውን በአጉሊ መነጽር ባየው፣ ከገጠር መንገድ የተነሣው ቀይ አፈር በክረምቱ እርጥበት ተጋግሮ እንደ ሸክላ ደርቆበታል። በስፒሪትና በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልሁ ስጠርገው ውስጡ ዝጎ ተበልቶ አገኘሁት፤ ስለዚህ አዲስ መግቢያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ስልኩን ትታልኝ ሄደች። ሥራው ላይ ሳለሁ እንግዳዋ ከባልደረባዋ ጋር በቋንቋቸው ስታወራ «ሄንዲ» የሚል ቃል ደጋግማ ስትናገር ሰማሁ፤ በየመካከሉም በጣቷ ወደ ስልኩ ትጠቁም ስለነበር የዕቃው ስም መሆኑን ለመገመት አልተቸገርሁም።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንግሊዝኛ የሚማር ሲሆን ትምህርት በሌለበት ቀን ሱቅ ይውልልኛል። እሱ እንዳስረዳኝ ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ትርጉሙ «ለአያያዝ የሚመች፣ ቅርብ ያለ» ማለት ሆኖ ቅጽል እንጂ የዕቃ ስም አይደለም፤ እንግሊዞችም ሆኑ አሜሪካኖች ስልካቸውን በዚህ ስም አይጠሩም። እንግዳዋን ራሷን ብንጠይቃት ልጅ ሳለች ቃሉ እንግሊዝኛ ይመስላት እንደነበርና እንዳልሆነ ያወቀችው እንግሊዝ አገር ሄዳ ስትናገረው ሰው ሁሉ ግራ ሲገባው መሆኑን ነገረችን።

እኔ ቀኑን ሙሉ በዚህ ዕቃ ላይ አጎንብሼ የምውል ሰው ነኝና ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከሰማንያ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ የቃሉ ባለቤቶች የማያውቁትን የእንግሊዝኛ ስም ለዕለት ተዕለት ዕቃው መጠሪያ ያደረገው እንዴት ነው? ሁለተኛው ጥያቄዬ ደግሞ ከእንጀራዬ ጋር የተያያዘ ነው። ለሱቁ አዲስ ታፔላ ላጽፍ ነውና ለእንደነዚህ ያሉ እንግዶች በጀርመንኛ አንድ መስመር ባስጨምርበት ይህን ቃል መጠቀም ያስነቅፋል ወይ? ለሰፈር ወሬ እንጂ ለጽሑፍ የማይበቃ ቃል ከሆነ በሱቄ በር ላይ እንዲሰቀል አልፈልግም።

ከጅማ እስከ ጎቲንገን መለሰ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ከታፔላው ሐሳብ ላሳርፍዎት፤ ቃሉ ምንም ነቀፋ የለበትም። የደን ትምህርቴን ጎቲንገን በተከታተልሁባቸው ዓመታት ከፕሮፌሰሩም፣ ከባቡር ትኬት ተቆጣጣሪውም፣ ካከራየችኝ አሮጊትም የሰማሁት ይህንኑ ቃል ነው። በመዝገበ ቃላቶቻቸው ውስጥ ሰፍሯል፣ በጋዜጣ ይጻፋል። በውልና በሕግ ጽሑፍ ላይ «ሞቢልቴሌፎን» የሚለውን ሊመርጡ ይችላሉ፤ በአፍ ግን «ሞቢልቴሌፎኔ ጠፋ» የሚል ጀርመናዊ ገጥሞኝ አያውቅም።

የእህትዎ ልጅ የተናገረው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከግማሽ መንገድ ላይ አቁሞታል። የጀርመን የቋንቋ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቃል «ሻይንአንግሊትሲስሙስ» ይሉታል፤ መልኩ የእንግሊዝኛ የሆነ፣ ትርጉሙ ግን እዚያው ጀርመን የተወለደ ቃል ማለት ነው። ወንድሞችም አሉት። በስብሰባ አዳራሽ ምስል ግድግዳ ላይ የሚያሳየውን ፕሮጀክተር «ቢመር»፣ ባለቤቱ እየወለወለ የሚያኖረውን የጥንት መኪና ደግሞ «ኦልድታይመር» ይሉታል፤ እነዚህንም እንግሊዛዊው ሲሰማ ሌላ ነገር ነው የሚመስለው።

ቃሉ ከጀርመንኛ ጋር ሊዋሐድ የቻለበት ምክንያት ይበልጥ ይገርመኛል። «ሃንድ» በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም እጅ ማለት ነው፤ ፊደሉም አንድ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸውና። ጀርመኖች በዚህ ቃል ብዙ ነገር ይሠራሉ። የእጅ ጓንት «ሃንድሹ» ይባላል፣ ትርጉሙ የእጅ ጫማ ነው፤ ፎጣ «ሃንድቱኽ» ይባላል፣ የእጅ ጨርቅ ማለት ነው፤ ለአያያዝ የሚመች ዕቃ ደግሞ «ሃንድሊሽ» ነው። ስለዚህ አዲሱ ቃል ሲመጣ ለጆሯቸው ባዳ አልነበረም። ያም ሆኖ የእንግሊዝኛ መልኩን እንዲይዝ «ሃ»ውን ወደ «ሄ» ስበው ያነብቡታል፤ በሰዋስው ግን ሙሉ በሙሉ አገሬ አድርገውታል። ጾታው እንደ ቴሌፎን ሁሉ ወንድም ሴትም ያልሆነው ሦስተኛው ጾታ ነው። ሲበዛም በእንግሊዝኛ ሥርዓት የመጨረሻው ፊደል ሊለወጥ ይገባ የነበረ ሲሆን እነሱ ግን ፊደሉን ሳይነኩ «ስ» ብቻ ጨምረው «ሄንዲስ» ብለው ይጽፉታል። በእንግሊዝኛ ሥርዓት የጻፈ ተማሪ በጀርመን መምህር ዘንድ እንደ ተሳሳተ ይቆጠራል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ የስልክ መረብ በ1958 ተከፈተ፣ ሁለተኛው በ1972፣ ሦስተኛው በ1985። በእነዚህ ዘመናት አብዛኛው ስልክ መኪና ላይ የሚገጠም፣ ዋና አካሉ በዕቃ መጫኛው ውስጥ የሚቀመጥ ከባድ መሣሪያ ስለነበር ስሙም «የመኪና ስልክ» ነበር። በ1992 ጂኤስኤም የሚባለው ዲጂታል መረብ ሲጀመር ስልኩ ከመኪናው ወርዶ እጅ ውስጥ ገባ፤ የቀድሞው ስምም ለዕቃው አልሆን አለ። በዚያው ዓመት የገባው የሞቶሮላ ዲጂታል የእጅ ስልክ ከቅርጹ የተነሣ «ክኖኸን» ማለትም አጥንት የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። ሎቨ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ደግሞ ያንጊዜ «ሄንዲቴል 100» የሚል ስልክ አወጣ። ቃሉ በሕዝቡ አፍ የሰፋው በእነዚያ ዓመታት ነው። የስዊስ ሰዎች ግን ከ1978 ጀምሮ የነበረው የራሳቸው መረብ «ናቴል» ይባል ስለነበር ስልኩንም በዚሁ ስም ሲጠሩት ኖረዋል፤ ይህም «ብሔራዊ የመኪና ስልክ» የሚለው ስም ሲያጥር የመጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በደቡብ ጀርመን በሽዋብ አካባቢ የሚነገር ጨዋታ አለ። አንዱ የአገሩ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ስልክ አይቶ በአካባቢው ዘዬ «እነዚህ ገመድ የላቸውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ «የላቸውም እንዴ» የሚለው ዘዬ ሲነገር «ሄንዲ» ይመስላልና ስሙ ከዚያ ቀረ ይላሉ። ይህ ለጨዋታ የተፈጠረ ነው፤ የቃሉ ታሪክ ነው ብለው የሚያምኑ ግን ስላጋጠሙኝ እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው የጠቀስሁት።

የሬዲዮ ጡረተኛ መለሰ፦

ልጆቼ፣ ውይይቱን ሳነብ አንድ የጎደለ ነገር ስላየሁ ነው ብዕር ያነሣሁት። እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል በሬዲዮ መገናኛ ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ለእኛ ለሬዲዮ ሠራተኞች ይህ ቃል በ1992 የተወለደ አይደለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኋላ ሞቶሮላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለጦሩ ሁለት ዓይነት ሬዲዮ ሠርቶ ነበር። አንደኛው በጀርባ የሚታዘል፣ ከ14 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሲሆን «ዎኪ-ቶኪ» የተባለው እሱ ነው፤ እየሄዱ መነጋገሪያ ማለት ነው። ሁለተኛው በአንድ እጅ የሚያዝ፣ 2.3 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ ወታደራዊ ስሙ ኤስሲአር-536 የሆነ መሣሪያ ነበር፤ እሱን «ሄንዲ-ቶኪ» አሉት፤ በእጅ ይዘው መነጋገሪያ ማለት ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ የእጁን ሬዲዮ ዎኪ-ቶኪ ይለዋል፤ በመጀመሪያ ግን የሁለቱ ስም የተለየ ነበር።

ይህን የእጅ ሬዲዮ በሥልጠና ዘመኔ አይቼዋለሁ። አስተማሪያችን ለማሳያ ከመደርደሪያ አውርዶ ሲሰጠን ሁላችንም ማብሪያውን ፈልገን አጣነው። ለካስ አንቴናው ራሱ ነበር ማብሪያው፤ አንቴናውን ሲስቡት ይበራል፣ ሲመልሱት ይጠፋል። ውስጡ ትራንዚስተር አልነበረም፤ በጥንት ሬዲዮ ውስጥ እንደ ትንንሽ አምፖል የሚታዩት ቫልቮች አምስት ነበሩበት። በጆሮና በአፍ መካከል ሲይዙት የዛሬውን ስልክ የያዙ ነው የሚመስለው፤ ክንድዎ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይዝላል።

እንግዲህ ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ጦር በምዕራብ ጀርመን ለብዙ ዓመታት ሰፍሮ ቆየ። አማተር የሬዲዮ ሰዎች፣ ማለትም ለሥራ ሳይሆን ለፍቅሩ በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች፣ የእጅ መሣሪያቸውን እስካሁን «ኤችቲ» ብለው ይጠሩታል፤ «ሄንዲ-ቶኪ» የሚለው ሲያጥር ነው። የጀርመን አማተሮች ደግሞ ሁለተኛውን ክፍል ጥለው የመጀመሪያውን አስቀሩ። በ1975 በምዕራብ ጀርመን ተራው ሰው ያለ ፈተና የሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ ሲፈቀድ የእጅ ሬዲዮ ከሙያተኛው ወጥቶ በየቤቱ ገባ። የእጅ ስልክ በመጣ ጊዜ ቀድሞ የእጅ ሬዲዮ ይዞ የነበረ ሰው አዲሱንም በለመደው ስም ቢጠራው ምን ያስደንቃል? አንቴና አለው፣ በእጅ ይያዛል፣ ያለ ሽቦ ያነጋግራል። በዚያ ላይ የሁለቱም ሠሪ አንድ ኩባንያ ነው፤ ማርቲን ኩፐር የተባለው የሞቶሮላ መሐንዲስ በሚያዝያ 1973 በኒውዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ በዓለም የመጀመሪያውን የእጅ ሞባይል ጥሪ ያደረገው በዚያው ኩባንያ መሣሪያ ነበር። ሊቃውንቱ ከአንድ በላይ መነሻ ይጠቅሳሉ፤ የፋብሪካዎቹ የንግድ ስምም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማምነው የሬዲዮውን መንገድ ነው።

ሰዋስው ወዳድ መለሰ፦

ጋሼ፣ ታሪኩ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። መንገዱ በሬዲዮም ይሁን በፋብሪካ፣ የሌላ ሕዝብ ቅጽል ወስዶ ስም ማድረግ ስሕተት አይደለም? ባለቋንቋው የማይቀበለው ቃል ትክክል ነው ሊባል የሚችለው በምን መለኪያ ነው?

መምህርት ከፈረንጅ አራዳ መለሰች፦

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን መልሱን ጀርመን ድረስ ሄደህ አትፈልገው፤ እዚሁ ጅማ ምሳ ቤት ብትገባ ታገኘዋለህ። ከበላህ በኋላ እጅህን ለማድረቅ አስተናጋጇን ምን አምጪልኝ ትላታለህ? «ሶፍት» ነው የምትለው። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ለስላሳ» ማለት ነው፤ ቅጽል ነው፤ እንግሊዛዊ አስተናጋጅን «ሶፍት» ብትላት የምትፈልገው ወረቀት መሆኑን አታውቅም። ለመጠጥ ደግሞ «ለስላሳ» ትላለህ፤ ይህም የራሳችን ቅጽል ስም የሆነበት ነው። ቡናህን በወተት ከፈለግህ «ማኪያቶ» ትላለህ፤ በጣልያንኛ ነጠብጣብ ያረፈበት ማለት ሲሆን እሱም ቅጽል ነው። ሂሳብህን ከፍለህ ስትወጣ የምትሳፈርበት «ባጃጅ» የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም ነው፤ በህንድ መንገድ ላይ ያው ተሽከርካሪ የሚጠራው «ኦቶ» እየተባለ ነው። «ሞባይል» የምንለውም ቢሆን ተንቀሳቃሽ የሚል ቅጽል ነበር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ስሕተት ነው ብለህ ከአንደበትህ የምታወጣው አለ? የቃል ባለቤት በየቀኑ የሚጠቀምበት ሕዝብ ነው፤ ያበደረው ሕዝብ ቃሉን ረስቶት ወይም ለሌላ ነገር አውሎት ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ወንድማችን ከጎቲንገን ወደ ጻፈው ጨዋታ ልመለስ፤ ሳነበው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር። የሽዋቡ ሰው «ገመድ የላቸውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ ብሏል። እኛ «ስልክ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዐረብኛ «ሲልክ» ማለት ሽቦ ነው። ዐረቦች ያለ ሽቦ የሚሠራውን ሬዲዮ «ላሲልኪ» ይሉታል፤ ሽቦ አልባ ማለታቸው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው መስመር ሲዘረጋ ሕዝቡ በዓይኑ ያየው ድምፁን አይደለም፤ ከእንጨት ወደ እንጨት የሚሄደውን ሽቦ ነው፤ ስሙም የሽቦው ስም ሆነ። ከዚያ በኋላ ሽቦው ቀርቶ ስሙ ብቻውን ቀጠለ። በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሞባይል አገልግሎት ሲጀመር «ተንቀሳቃሽ ስልክ» አልነው፤ ሥሩን ስትመረምረው «ተንቀሳቃሽ ሽቦ» ማለት ነው፤ ሽቦ የሌለበትን ዕቃ ሽቦ ብለን እንጠራዋለን። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው መጀመሪያ አያምኑኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌሎች ቃላትን ሁሉ ምንጫቸውን ካልነገርሽን እያሉ ይከራከሩኛል።

በዚህ አያበቃም። ግሡን ተመልከት። «ደወልሁልህ» እንላለን፤ ደወል የቤተ ክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት ነበር፤ ስልኩ ውስጥ የሚመታ ደወል ስለነበረ ግሡ ወደዚያ ተሻገረ። አማርኛ ሽቦውን በስሙ፣ ደወሉን በግሡ ይዞ ቀረ። እዚሁ ጅማ በየገበያው የምንሰማው አፋን ኦሮሞ ደግሞ ስልኩን ራሱን «ቢልቢላ» ይለዋል፤ ደወል ማለት ነው። ሄርማታ ገበያ በርበሬ የምትሸጠዋ እናት «ቢልቢላ ኮ» ስትል «ደወሌ» ማለቷ ነው፤ የእጅ ስልኩን ለይታ መናገር ስትፈልግም «ቢልቢላ ሃርካ» ትላለች፤ ሃርካ እጅ ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ገበያ ውስጥ ያለው አንድ ዕቃ ለአንዱ ሽቦ፣ ለሌላው ደወል ነው።

እጅ የሚለው መንገድ የጀርመኖች ብቻ አይደለም። ቻይናውያን «የእጅ መሣሪያ» ይሉታል። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች የእጅ ስልክ ይሉታል። ፊንላንዳውያን «ኬንዩኬ» የሚሉት ቃል ከመዳፍ ጋር የተያያዘ ሲሆን መጀመሪያ የኖኪያ የንግድ ስም ነበር። ኮርያውያን ከእንግሊዝኛ ሁለት ቃላት ወስደው «ሄንድፎን» የሚል የራሳቸውን ቃል ሠርተዋል፤ አሜሪካኖች አይሉትም። ቱርኮች ግን እጁን ትተው «የኪስ ስልክ» አሉት። እኔ በጽሑፍ ሁልጊዜ «የእጅ ስልክ» የሚለውን ነው የምመርጠው፤ ከ«ተንቀሳቃሽ» ይልቅ ያጥራል፣ ደግሞም ስልኩ በራሱ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው የያዘው ሰው ነው።

ከጅማ እስከ ጎቲንገን መለሰ፦

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። አራት ዓመት ጀርመን ስኖር ጨዋታውን ደጋግሜ ሰምቼው ከራሴ ቃል ጋር አስተያይቼው አላውቅም ነበር። ጋሼም የሬዲዮውን ታሪክ ስለ ጻፉልን አመሰግናለሁ፤ እኔ ታሪኩን ከ1992 መጀመሬ ጉድለት ነበር።

ለጠያቂው፦ በጀርመን ከተሞች በእርስዎ ዓይነት ሱቆች በር ላይ የሚነበበው «ሄንዲ-ሬፓራቱር» የሚል ነው፤ ሬፓራቱር ጥገና ማለት ነው። ታፔላው ላይ ሲጻፍ ሁለቱም ቃላት በትልቅ ፊደል እንዲጀምሩ ያድርጉ፤ በጀርመንኛ የስም የመጀመሪያ ፊደል ሁልጊዜ ትልቅ ነው። በመካከላቸውም አጭር ሰረዝ ይግባ።

የመርካቶው ጠጋኝ (ጅማ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእህቴ ልጅ መልሶቹን ሁለት ጊዜ አንብቦ «ቅጽል ነው ማለቴ ልክ ነበር፤ ስሕተት ነው ማለቴ ነው ልክ ያልነበረው» አለኝ። እኔን ደግሞ የያዘኝ የመምህርት ነገር ነው። ዛሬ ጠዋት የአንድ ደንበኛ ስልክ ፈትቼ ከቦርዱ ላይ የተነቀለችውን የንዝረት ሞተር ሽቦ በብየዳ ስመልስ፣ ከፀጉር የቀጠነችውን ሽቦ በወረንጦ ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ እስካሁን ይህን ሁሉ ዓመት ስልክ ስል የጠራሁት እሷን ኖሯል።

የታፔላውን ነገር እንዲህ ወስኛለሁ። ከላይ በትልቁ «የእጅ ስልክ ጥገና» ተብሎ ይጻፋል፤ ቀድሞ የነበረው «ሞባይል ጥገና» ነበር። ከሥሩ በአፋን ኦሮሞ «ቢልቢላ ሃርካ» የሚለው ይገባል፤ ሙሉ አጻጻፉን ጎረቤቴ ፎቶ ቤት ያለው ልጅ እንዲያስተካክልልኝ ነግሬዋለሁ። ከታች በስተግራ በትንሹ የጀርመንኛው መስመር ይሆናል። የቻርጅ መግቢያው ትናንት በአውቶቡስ ደርሶልኝ ገጥሜዋለሁ፤ ቻርጁንም እየተቀበለ ነው። እንግዳዋ ነገ ከሰዓት ስልኳን ልትወስድ ስለምትመጣ ንድፉን በወረቀት አሳያትና ትልልቆቹን ፊደላትና ሰረዙን ካረጋገጠችልኝ በኋላ ለጸሐፊው እሰጠዋለሁ።